ሰማዩ ጠርቶ ሳለ ከጦርነት ዜና መላቀቅ አቅቶኛል፤ ምን ትመክሩኛላችሁ?

ሰሞኑን አየሩ እጅግ ያማረ ነው፤ ልጆች ደጅ ይጫወታሉ፣ የታጠበ ልብስ ከቀትር በፊት ይደርቃል፣ እኔ ግን ጥላ ሥር ተቀምጬ እንኳ የጦርነትና የፖለቲካ ውጥረት ዜናዎችን ከስልኬ ላይ ማሳደዴን መተው አልቻልሁም። አእምሮ ከመልካም ነገር ይልቅ ለአደጋ ምልክት ቅድሚያ እንደሚሰጥ፣ ማኅበራዊ ሚዲያም ሰው ዐይኑን የሚተክልበትን ይዘት ደጋግሞ እንደሚያቀርብ ዐውቃለሁ፤ ማወቄ ግን አልፈወሰኝም። የማሳወቂያ ድምፁን ባጠፋው፣ ምን አምልጦኝ ይሆን እያልሁ ራሴ ስልኩን እከፍት ጀመር። ጨርሶ መተው ደግሞ በመከራ ላይ ያሉትን መርሳት ይመስለኛል (የእኔ ማንበብ ምን እንደሚጠቅማቸው ባላውቅም)። ዜናን በተወሰነ ሰዓት ብቻ፣ በተለይም ያለ ቪዲዮ በጽሑፍ ወይም በሬዲዮ የምትከታተሉ ካላችሁ፣ ሰዓቱን እንዴት እንደመረጣችሁና ከባድ ነገር በተሰማ ቀን እንዴት እንደጸናችሁ ብትነግሩኝ ከልብ አመሰግናለሁ።