የአባቴ ሣጥን ላይ «ጄኔራል ዊንጌት» ተጽፏል፤ ታሪኩን የሚያውቅ አለ?

የቡሬ ልጅ፦
ጤና ይስጥልኝ። አባቴ ባለፈው ዓመት ካረፈ በኋላ ከአልጋው ሥር አንድ አረንጓዴ የቆርቆሮ ሣጥን አወጣን። ክዳኑ ላይ በነጭ ቀለም «ቡሬ፣ ጄኔራል ዊንጌት» የሚል ተጽፏል፤ «ዊ» ላይ ቀለሙ ወደ ታች ፈሶ ደርቋል። በ1950ዎቹ መጨረሻ አዲስ አበባ በአዳሪነት መማሩን እናውቃለን፤ ከዚያ ያለፈ አልነገረንም፤ ዝምተኛ ሰው ነበር። አሁን ልጄ «ዊንጌት ማን ነው?» ስትለኝ መልስ አጣሁ። ለእኔ የታክሲ ረዳቶች የሚጠሩት የሰፈር ስም ነበር። ትምህርት ቤቱ መቼ ተከፈተ? ለምን በፈረንጅ ስም ተሰየመ? የቡሬ ልጅስ እንዴት እዚያ ደረሰ?

መምህር ከደብረ ማርቆስ፦
እግዚአብሔር ያጽናሽ። የወንዶች አዳሪ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነበር። የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1946 ሲሆን፣ ያስተዳድረው የነበረው የብሪቲሽ ካውንስል ነው። ተፈሪ መኰንን በ1917 ዓ.ም. ስለተከፈተ በዕድሜ ይበልጠዋል፤ የኮተቤው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም በሦስት ዓመት ይቀድመዋል። ግቢው ጳውሎስ ሆስፒታል አካባቢ ነው፤ ዛሬ ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ ሆኗል። የቀረውን እዚያ የተማሩ ይንገሩሽ።

የዳሞት ሰው፦
ልጄ፣ የአባትሽን ነፍስ ይማር። እኔ ዊንጌት የገባሁት መስከረም 1964 ዓ.ም. ነው፤ አባትሽ ቀድመውኝ ወጥተዋል ማለት ነው። ስለ ስሙ የጠየቅሽው ግን መነሻው አዲስ አበባ አይደለም፤ የራስሽ አገር ነው።

ጃንሆይ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ በኩል ከሱዳን ሲገቡ፣ ጦሩን ወደ ጎጃም ይዞ የዘለቀው እንግሊዛዊ መኮንን ኦርድ ዊንጌት ነው። ያን ጊዜ ገና ጄኔራል አልነበረም፤ ማዕረጉ በኋላ በበርማ ጦርነት የመጣ ነው። መጽሐፍ ቅዱስ አዘውታሪ ስለነበር ጦሩን «የጌዴዎን ጦር» ብሎ ጠራው፤ በመጽሐፈ መሳፍንት በሦስት መቶ ሰው ምድያምን ድል ያደረገውን ጌዴዎን አስቦ። ስንቁ የተጫነው በግመል ነበር። ግመል የቆላ እንስሳ ነው፤ ዳገቱንና የደጋውን ብርድ አልቻለም፤ መንገድ ላይ አለቀ። ጣሊያን ቡሬን የለቀቀው በየካቲት ማብቂያ ነው፤ ደብረ ማርቆስ ደግሞ መጋቢት ሳያልቅ ነጻ ወጣ። ዊንጌት በመጋቢት 1936 ዓ.ም. ሕንድ ውስጥ በአውሮፕላን አደጋ ሞተ፤ ትምህርት ቤቱ ስሙን የወረሰው ከዚያ በኋላ ነው።

ይህን ስነግርሽ ግን አንድ ነገር እንዳታልፊብኝ። ያ ጦር በቁጥር ጥቂት ነበር። አምስት ዓመት ዱር ያደሩት እነ ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬ፣ እነ ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ፣ በብቸና በኩል እነ በላይ ዘለቀ ጠላትን በየምሽጉ ባያስጨንቁት ኖሮ መንገዱ አይከፈትም ነበር። አባቴ ለአርበኞች ስንቅ በበቅሎ ካመላለሱት አንዱ ነው። የተመደብኩበትን ትምህርት ቤት ስም ስነግረው «ያ ጢማሙ? ያ ትልቅ ባርኔጣ የሚደፋው?» አለኝ፤ አይቶት ነበር። ከዚያ ጥቂት ዝም ብሎ «በመንገሻ ስም የተሰየመስ አለ?» ሲል ጠየቀኝ። እኔ የማውቀው አልነበረም። ጥያቄው እስከ ዛሬ ከልቤ አልወጣም።

እንዴት እንደ ደረስን ላልሽው፦ የስምንተኛ ክፍልን ብሔራዊ ፈተና በጥሩ ውጤት ያለፈ የጠቅላይ ግዛት ልጅ አዲስ አበባ አዳሪ ትምህርት ቤት ይመደብ ነበር። በእኛ አገር ልጅን ለትምህርት አርቆ መስደድ አዲስ ነገር አይደለም፤ ለቅኔ ሲሉ ከየአገሩ ወደ ዋሸራ ይመጡ የለም? እናቴም የሸኘችኝ እንደ ቆሎ ተማሪ ነው፤ አንድ ስልቻ በሶ ቋጥራ። ፊደል አልቆጠረችም፤ ግን ከብዙ ልጅ መካከል ጋቢዬ እንዳይጠፋብኝ ብላ ዲያቆኑ ስሜን ጫፉ ላይ በከሰል እንዲጽፍላት አደረገች፤ ከዚያ እርሷ በቀይ ክር ተከትላ ሰፋችው። አውቶቡሱ ደጀንን አልፎ ዓባይ በረሃ ሲወርድ ያን ጫፍ በእጄ ጨብጬ ነበር። ግቢው ስደርስ የሐረር ልጅ፣ የወለጋ ልጅ፣ የትግሬ ልጅ አገኘሁ፤ ቀን በእንግሊዝኛ እንማራለን፣ ማታ መብራት ከጠፋ በኋላ እያንዳንዱ ስለ አገሩ ያወራል። ጎጃም ምን ያህል ሰፊ እንደሆነ ለሌላ ሰው ሳስረዳ የመጀመሪያዬ ነበር።

በ1967 ዓ.ም. ለዕድገት በኅብረት ዘመቻ ስንወጣ ሣጥኔንና ጋቢዬን ለአንድ ዘመድ አደራ ሰጠሁ። ስመለስ ዘመዴም አልነበረም፣ ሣጥኑም አልነበረም። እባክሽ የአባትሽን ሣጥን አዲስ ቀለም እንዳታስቀቢው።

መምህር ከደብረ ማርቆስ፦
ጋሼ፣ እግዚአብሔር ያክብርልን። ጣሊያንን ባስወጣው ዘመቻ ከዊንጌት ቀድሞ፣ በነሐሴ 1932 ዓ.ም. ጎጃም ገብቶ ከአርበኞች ጋር የቆየውን ኮሎኔል ሳንድፎርድንም ላንሣ። አዲስ አበባ ያለው የሳንድፎርድ ትምህርት ቤት ስም ከዚሁ ቤተሰብ ነው የመጣው። ተማሪዎቼ ሁለቱንም ስሞች ያውቃሉ፤ ሰዎቹ በእነርሱ ቀዬ ማለፋቸውን ግን ስነግራቸው ይደነቃሉ።

የቡሬ ልጅ፦
ጋሼ፣ የጻፉትን ለእናቴ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ስለ ጋቢው የተናገሩበት ላይ ስደርስ ተነሥታ ወደ ጓዳ ገባች። አባቴ ሲያርፍ እግሩ ላይ የነበረውን አሮጌ ጋቢ ይዛ መጣች። ጫፉ ላይ የደበዘዘ ቀይ ክር አለ። ሁልጊዜ የተቀደደ ቦታ የተሰፋበት ይመስለን ነበር። ብርሃን ላይ ስንዘረጋው የመጀመሪያው ፊደል የአባቴ ስም መነሻ ነው፤ ሦስተኛው ተመዟል። ሣጥኑን አናስቀባውም።