ጥቆማ፦ የ761ኛው ታንከኛ ሻለቃ መታሰቢያ ታርጋ አትላንታ አካባቢ የት ይሠራ?

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ለመኪና ፊት የሚሆን የ761ኛው ታንከኛ ሻለቃ (በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተዋጋው፣ በአብዛኛው የጥቁር አሜሪካውያን የጦር ክፍል) መታሰቢያ ታርጋ ለስጦታ ፈልጌ ነበር። ተቀባዩ አባታቸው ሻለቃው ውስጥ የተዋጉ ሰው ናቸው፤ ሲያዩት የሚያፍሩበት ነገር እንዳይሆን። ተዘጋጅቶ የሚሸጠውን ልዘዝ ወይስ እዚሁ ላሠራ? መኪናቸው ጆርጂያ የተመዘገበ ቶዮታ ነው።

ከዲኬተር፦ እዚሁ አሠራው። ጆርጂያ የኋላ ታርጋ ብቻ ስለሚጠየቅ ፊቱ ነፃ ነው። ተዘጋጅቶ የሚሸጠው ርካሽ ነው፤ ግን ሥዕሉን ሳታጣራ አትግዛ። የሻለቃው ዋና ታንክ ኤም4 ሸርማን፣ ቀላሉ ደግሞ ኤም5 ስቱዋርት ነበር፤ ከጦርነቱ ብዙ ቆይቶ የመጣው ኤም1 ኤብራምስ ከተሳለበት ተወው። የሻለቃው አርማ የሆነችው ጥቁር ግስላም ጭንቅላቷ ብቻ ናት። ሙሉ ሰውነቷ የሚታየው በ1966 የተመሠረተው የብላክ ፓንተር ፓርቲ ምልክት ነው፤ ሁለቱን የሚያቀላቅል ብዙ ነው። ጽሑፉ «ባታሊየን» እንጂ «ዲቪዥን» እንዳይሆን። ዓመት ካስገባህ 1942 ነው፤ ሻለቃው ኤፕሪል 1 ቀን ሉዊዚያና ካምፕ ክሌይቦርን የተቋቋመበት። 1944 ኖቬምበር ላይ ፈረንሳይ ውስጥ ከጄኔራል ፓተን 3ኛ ጦር ጋር ወደ ውጊያ ገብተው 183 ቀን ተዋግተዋል። ለጦር ክፍል የሚሰጠው የፕሬዚዳንቱ ሽልማት የተሰጣቸው በ1978 ነው፤ ጦርነቱ ካበቃ 33 ዓመት ጠብቀው መሆኑ ያንገበግባል፣ እኔ ብሆን እሱን ዓመት ከሥር አስገባዋለሁ። ከዚያ በላይ ግን አትጨምር። ቁጥሩ፣ ግስላዋ፣ «ካም አውት ፋይቲንግ» (እየተዋጋችሁ ውጡ) የሚለው መፈክርና አንድ መስመር ይበቃል።

ከክላርክስተን፦ ሥዕሉ ላይ የተባለው ልክ ነው። የሚሠራበትን ቤት በተመለከተ፣ ዋንጫና ሜዳልያ የሚቀርጹ ቤቶች ነጭ በተቀባ አልሙኒየም ላይ በሙቀት ያትማሉ፤ 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ላይ ለአንድ ደቂቃ ያህል ሲጫን ቀለሙ ሽፋኑ ውስጥ ይገባል። ጥራቱ ግሩም ነው፤ ለግድግዳ ከሆነ እነሱ ጋ ሂድ። ፀሐይ ላይ ግን ቀይና ቢጫው ቀድሞ ይለቃል። የታንከኞቹ ትከሻ ላይ የሚደረገው ሦስት ማዕዘን አርማ ቢጫ፣ ሰማያዊና ቀይ ነው፤ ቢጫው ፈረሰኛውን፣ ሰማያዊው እግረኛውን፣ ቀዩ መድፈኛውን ይወክላል። ሁለቱ ደብዝዘው ሰማያዊው ብቻ ሲቀር ምን እንደነበር አይታወቅም።

ለመኪና ፊት ታቤላ ቤት ይሻላል። «ካስት ቪኒል፣ በላዩ ዩቪ የሚከላከል ላሚኔት» ብለህ በስሙ ጠይቅ፤ ጥሩው የስቲከር ፕላስቲክና ከፀሐይ የሚከላከለው ግልጽ ሽፋን ማለት ነው። ዝም ካልክ ካለንደርድ የሚባለውን ርካሹን ሊለጥፉልህ ይችላሉ፤ እሱ ሙቀት ሲያገኘው ይሸበሸብና ጠርዙ ይነሳል። አልሙኒየሙ 0.040 ኢንች፣ ማለትም 1 ሚሊ ሜትር ይሁን፤ 0.025ቱን የእጥበት ብሩሽ ያጥፈዋል። ስቲከሩ ከላሜራው ጠርዝ 3 ሚሊ ሜትር ገባ ብሎ ይቁም፤ እስከ ጫፍ ከደረሰ የግፊት ውሃ ይልጠዋል። አክሪሊክ ካቀረቡልህ እምቢ በል፤ ብሎኑ ትንሽ ሲጠብቅ ከቀዳዳው ይሰነጠቃል።

ጠያቂ፦ ፋይሉን እኔ ላዘጋጅ ወይስ እነሱ?

ከክላርክስተን፦ አንተ አዘጋጅ፣ ቬክተር (ሲተልቅ ጥራቱ የማይቀንስ የሥዕል ፋይል) ከሆነ የተሻለ። ፎቶ ከሆነ ለ12 በ6 ኢንች ቢያንስ 3600 በ1800 ፒክስል ያስፈልጋል። ቀዳዳዎቹን መጀመሪያ አስቀምጣቸው፦ ከጎን 2.5 ኢንች፣ ከላይና ከታች 0.625 ኢንች ገባ ብለው ነው መሃላቸው የሚያርፈው። እሱ ከተረሳ የብሎኑ ራስ በትክክል 7 ቁጥሩ ላይ ወይም የግስላዋ ጆሮ ላይ ይውላል። መደቡ ጥቁር ከሆነ ለግስላዋ ዙሪያ ነጭ መስመር አውጣላት። የአሁኑን የአሜሪካ ጦር ኮከብ አርማ አታስገባ፤ የተመዘገበ የንግድ ምልክት ስለሆነ ፈቃድ ካላየን አናትምም የሚሉ ቤቶች አሉ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ እዚህ ለምትኖሩ፣ ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያና ዲሲ ፊትም ኋላም የመንግሥት ታርጋ ግዴታ ነው። ጌጡን በላዩ መደረብ ያስቀጣል፤ ጋራዥ ወይም ሳሎን ግድግዳ ላይ ይሰቀል። ለግድግዳ ከሆነ ደግሞ በሙቀት የታተመውን ያዙ፣ ርካሽም ነው።

ከዲኬተር፦ መግጠሚያው ቀርቷል። ቶዮታ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ኤም6 ብሎን ነው የሚገባው፣ 16 ወይም 20 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያለው ይበቃል። የማይዝገውን ግዛ፤ ተራ ብረት ከአልሙኒየም ጋር እርጥበት ሲያገኝ ይበላላል፣ የዝገቱ ውሃም ምስሉ ላይ ይወርዳል። ከብሎኑ ራስ ሥር የናይለን ሮንዴላ፣ ከታርጋው ጀርባ አራቱም ጥግ ላይ የስፖንጅ ቴፕ አድርግ፤ አለበለዚያ ሀይዌይ ላይ ይንቀጫቀጫል። በካቻቢቴ በእጅህ አጥብቅ እንጂ ትራፓኖ አትጠቀም። እዚህ የሚሸጡ መኪኖች የፊት ታርጋ መያዣ የሌላቸው አሉ፤ ባምፐሩን ከመብሳትህ በፊት በመኪናው ሞዴል መያዣውን ከዲለሩ ፓርትስ ክፍል እዘዝ። አዳዲሶቹ ቶዮታዎች ላይ ራዳሩ ብዙ ጊዜ ከፊተኛው አርማ ጀርባ ነውና ታርጋው ከዚያ በታች ይዋል፤ ከሸፈነው ዳሽቦርዱ ላይ ማስጠንቀቂያ ይበራል።