«ጆሮዬ አይዋሸኝም»፦ የ7 ሜጋኸርዙ ጩኸት ምንድን ነው?

ፏፏቴ፦ ትናንት ማታ የተለቀቀችውን የ40 ሰከንድ ቅጂ ሰምታችኋል? ከ7.1 ሜጋኸርዝ ትንሽ ከፍ ብሎ የሚጮኽ ሽሽታ፣ ኔዘርላንድ ካለው የትዌንቴ ዩኒቨርሲቲ መቀበያ የተቀዳ። ከሥሩ የተጻፈው «የተመሰጠረ የጦር ሠራዊት ዲጂታል ንግግር ነው፤ ጆሮዬ አይዋሸኝም» ነበር። ጠዋት ስነሣ ወሬው «ጦርነት ሊጀመር ነው» ሆኖ ጠበቀኝ። ይህ ይደረጋል?

አሮጌው ኦፕሬተር፦ የጻፍሁት እኔ ነኝ፣ አልሸሽም። ሃያ ዓመት ማዳመጫ ከጆሮዬ አልወረደም። በሞርስ ጊዜ ላኪውን በእጁ አመታት ለይተን «ዛሬ እገሌ ነው ተረኛው» እንል ነበር። የዛሬ ልጅ ግን ሲግናሉ በኮምፒውተር መስኮት ላይ እንደ ፏፏቴ ቀለም ሆኖ ሲፈስ ካላየ የሰማ አይመስለውም።

ፏፏቴ፦ ጋሼ፣ ሞርስ የሰው እጅ ነበረበት። ዲጂታል ድምፅ ምን እጅ አለው? ዲአርኤም የሚሉት የአጭር ሞገድ ዲጂታል የራዲዮ ስርጭትም ሆነ ተራ ነጭ ጫጫታ ለጆሮ አንድ ናቸው፤ ሁለቱም ሽሽሽ ከማለት ሌላ አያውቁም። ዲአርኤም አብዛኛውን ጊዜ 10 ኪሎኸርዝ ስፋት ያለው፣ ዳርና ዳሩ በቢላዋ የተቆረጠ የሚመስል ጡብ ነው። ከማጣቀሻው ሞገድ 750፣ 2250 እና 3000 ኸርዝ ርቀው የሚቆሙ ሦስት ችካሎች፣ ማለትም ቋሚ መለያ ሞገዶች፣ አሉት። ደግሞም መረጃው ተቆራርጦ የሚላክባት እያንዳንዷ ቁራጭ የራሷን ጅራት ቀድታ ከፊቷ ታስቀምጣለች። ስለዚህ ሲግናሉን ከራሱ ጋር ስታስተያዩት፣ ከዲአርኤም አሠራሮች አንዱ በሆነው በሞድ ቢ ከሆነ፣ 21.33 ሚሊሰከንድ ላይ ቀጥ ያለ ጫፍ ይወጣል። ጫጫታ ራሱን አይደግምም። የእርስዎ ጆሮ 21 ሚሊሰከንድ ይቆጥራል?

የመርካቶ አንቴና፦ «ጆሮዬ አይዋሸኝም» ይላሉ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ሲባል አልሰሙም እንዴ?

አሮጌው ኦፕሬተር፦ ተረቱን ያለ ቦታው አዋልኸው። ያ የሚባለው ሰው ስለ ራሱ የሚወራውን መጨረሻ ላይ ሲሰማ ነው።

የመርካቶ አንቴና፦ ታዲያ ከዚህ የተሻለ ቦታ ከየት ይመጣለታል? ሌሊቱን ሙሉ ስለ እርስዎ ሲወራ አድሮ እርስዎ ጠዋት ሰሙ!

ሜሪላንድ፦ ተረቱን ተዉት እባካችሁ። በዚያ ሰፈር ጩኸት መቼ ጠፍቶ ያውቃል? ከ7.1 እስከ 7.2 ሜጋኸርዝ ያለው አፍሪካና አውሮፓ ባሉበት የራዲዮ ቀጣና እ.ኤ.አ. ከመጋቢት 2009 መጨረሻ ጀምሮ ለአማተሮች፣ ማለትም ለትርፍ ጊዜ የራዲዮ ወዳጆች፣ የተለቀቀ ነው። የኤርትራው ድምፂ ሓፋሽ ግን እዚያው ያሰራጫል፣ እሱን ለማፈን የሚረጨው ነጭ ጫጫታም እዚያው ነበር፤ የአውሮፓ አማተሮች ለዓመታት ሲያማርሩ ኖረዋል። መለስ ዜናዊስ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2010 የአሜሪካ ድምፅን አማርኛ ስርጭት ለማፈን አቅሙ ከተረጋገጠላቸው መመሪያ እንደሚሰጡ በአደባባይ አልተናገሩም? እናቴ ያን ጊዜ ራዲዮው የተበላሸ መስሏት ባትሪ ስትቀያይር ታመሽ ነበር። እኔ አፈና ነው እላለሁ።

አሮጌው ኦፕሬተር፦ አንቺም በጆሮሽ ነው የፈረድሽው፣ እኔም በጆሮዬ። የእኔ ብቻ ለምን ውሸታም ሆነ?

ፏፏቴ፦ እሷ የጦር ንግግር ነው አላለችማ! ሜልፒ በሚባለው የጦር ሠራዊት የንግግር መጭመቂያ የተጨመቀ ንግግር 2400 ቢት በሰከንድ ይበቃዋል፤ 3 ኪሎኸርዝ በሆነች መስመር ውስጥ ይገባል። የኔቶ የራዲዮ ሞደም ደረጃ የሆነው ስታናግ 4285 ቢሆን ደግሞ 1800 ኸርዝ ላይ አንድ ተሸካሚ፣ በየ106.67 ሚሊሰከንድ የሚደጋገም ማዕቀፍ ይታይ ነበር። የእርስዎ ቅጂ ከዳር እስከ ዳር የሞላ ነው።

ጥሬ ቅጂ፦ ከየትኛው ዳር እስከ የትኛው ዳር? ፏፏቴ፣ ሰውየውን ስትገሥጽ የራስህን አላየህም። ቅጂው በኤኤም፣ በጠባብ ማጣሪያ፣ ከዚያም በስልክ ተጨምቆ የተላከ ነው። ያየኸው ዳር የሲግናሉ ሳይሆን የማጣሪያው ዳር ነው። ከእንዲህ ያለ ፋይል ስፋት መለካት ፎቶግራፍ አይቶ ወጡን መቅመስ ነው። በዩኤስቢ መቀዳት ነበረበት፣ ቢሻል ደግሞ ጥሬው።

የመርካቶ አንቴና፦ ፍላሽ ላይ ማለትህ ነው?

ጥሬ ቅጂ፦ የላይኛው ጎን ባንድ ማለቴ ነው። ከእናንተ ጋር ማን ይጨቃጨቃል።

ፏፏቴ፦ ስለ ማጣሪያው ልክ ነህ፤ ስፋቱን ትቼዋለሁ። «የጦር ነው» የሚለውን ግን አልተውም። ሞደሙ ቢለይ እንኳ ባለቤቱ አይለይም፤ አንዱ ሞደም ለስንት አገር ተሸጧል። ቦታውን፣ ሲግናሉ በኢንተርኔት ወደሚደመጡት ኪዊኤስዲአር መቀበያዎች በደረሰበት ጊዜ ልዩነት መፈለግ ይቻላል፤ ግን በዙሪያው በጂፒኤስ የተስተካከሉ መቀበያዎች ከሌሉ በካርታው ላይ ነጥቡ ቀይ ባሕር መሐል ያርፋል።

ሜሪላንድ፦ ቦታውን አግኝተህስ ልትለጥፈው ነው? በወሬ ሰው የሚታሰርበትን ጊዜ ረሳኸው?

ፏፏቴ፦ ጋሼ ሲለጥፉ ዝም ብለሽ ለእኔ ሲሆን ጊዜ ነው?

ሜሪላንድ፦ እሳቸው ቦታ አልጠሩም።

የመርካቶ አንቴና፦ ጦርነት ነው የጠሩት፤ ቦታማ ትንሽ ነገር ናት።

አሮጌው ኦፕሬተር፦ ዛሬ ማታ በዚያው ሰዓት እጠብቀዋለሁ።

ጥሬ ቅጂ፦ ጋሼ፣ ማጣሪያውን አስፍተው ይቅዱ፤ አደራ።

አሮጌው ኦፕሬተር፦ እኔ የማሰፋው ጆሮዬን ነው።