ከኦፕራሲዮን በኋላ ጡት ማስጀመር፦ ዋርዱ ምን ይቀይር?

የዋርድ ኃላፊ
ሰላም ለሁላችሁ። በምጥ የወለዱት በአብዛኛው በአንድ ሰዓት ውስጥ ያጠባሉ። በኦፕራሲዮን የወለደችዋ ግን ማገገሚያ ክፍል ትተኛለች፣ ሕፃኑ ከአያቱ ጋር ኮሪደር ላይ ይቀራል። ከዚያ «ወተቷ አልመጣም» ይባልና ጡጦና የጣሳ ወተት ከውጭ ተገዝቶ ይገባል። ሠራተኛ አይጨመርልንም፤ ባለን ሰው ምን ማስተካከል ይቻላል?

አዋላጅ ከባሕር ዳር
ሲስተር፣ ነገሩ የሚበላሸው ገና ኦፕራሲዮን ክፍል ውስጥ ነው። በወገብ መርፌ የተሠራላት እናት ንቁ ናት። ሕፃኑ በደንብ ከተነፈሰ አድርቃችሁት፣ ኮፍያ አድርጋችሁለት፣ ራቁቱን ደረቷ ላይ አግድም አስተኙት፤ ከላይ ደረቅ ፎጣ ይልበስ። ሚዛኑ ይቆያል። ሕፃኑን የተቀበለችው አዋላጅ ግን ከአጠገባቸው አትራቅ፦ አፍንጫው እንዳይታፈን፣ መልኩ እንዳይለወጥ ትከታተል። ሙሉ ማደንዘዣ ከተሰጣት፣ ነቅታ መልስ መስጠት ስትጀምር ጡት ታጥባ፤ «መድኃኒቱ ይውጣላት» ብሎ ሰዓታት መጠበቅ አያስፈልግም። እስከዚያ አባትየው ደረቱ ላይ ይያዘው።

ዋርድ ስትገባ በጎኗ ተኝታ ታጥባ፣ ወይም ሕፃኑ በብብቷ ሥር ሆኖ እግሩ ወደ ጀርባዋ ይዙር፤ ቁስሉን አይነካም። ማስታገሻዋን በሰዓቱ ስጡ። ሕመም ወተቱ እንዳይፈስ ያግዳል፤ ፓራሲታሞልና ዳይክሎፌናክ ደግሞ ማጥባት አይከለክሉም።

የጨቅላ ክፍል ነርስ
አያቶችን አትቆጡ፣ መጠኑን አሳዩአቸው። በመጀመሪያው ቀን ሕፃኑ በአንድ ጊዜ የሚወስደው እንገር ከ2 እስከ 10 ሚሊ ሊትር ነው። ሲሪንጅ ላይ 5 ሚሊ ሊትር ውኃ ቀድታችሁ ብታሳዩ ከረጅም ምክር ይሻላል። ጡቱ ሞልቶ የሚከብደው በ2ኛው ወይም በ3ኛው ቀን ነው፤ በኦፕራሲዮን ሲሆን ሊዘገይም ይችላል።

ሕፃኑ ካልያዘ ወይም እኛ ክፍል ከገባ፣ በ6 ሰዓት ውስጥ በእጅ ማለብ ይጀመር። አውራ ጣት ከላይ፣ ሌባ ጣት ከታች፣ ከጫፉ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ራቅ ብሎ። መጀመሪያ ወደ ደረት ገፋ፣ ቀጥሎ ጣቶቹን ማገናኘት፣ መልቀቅ፣ ቦታ እየቀየሩ መድገም። ጣት ቆዳው ላይ መንሸራተት የለበትም፤ ይልጣል። ሌሊቱን ጨምሮ በቀን ቢያንስ 8 ጊዜ። በመጀመሪያው ቀን ፓምፕ አልመክርም፤ እንገር ወፍራምና ጥቂት ስለሆነ ዕቃው ላይ ተለጥፎ ይቀራል። በማንኪያ ተቀበሉት፣ በትንሽ ኩባያ ስጡት፦ ጠርዙን ከንፈሩ ላይ አስነክቶ እሱ እንዲልሰው እንጂ አፉ ውስጥ አይገልበጥ።

የዋርድ ኃላፊ
አመሰግናለሁ። እናትየዋ ስኳር ካለባት ወይም ሕፃኑ ኪሎው ካነሰስ?

አዋላጅ ከባሕር ዳር
ቶሎ አጥብታ፣ የሕፃኑ ስኳር ይለካ። ዝቅ ካለና የታለበው ካልበቃ፣ በሐኪም ትእዛዝ የጣሳ ወተት መስጠት ነውር አይደለም፤ ነውሩ ያለምክንያት መስጠት ነው። መጠኑና ምክንያቱ ካርዱ ላይ ይጻፍ፣ በኩባያ ይሰጥ፣ ማለቡም አይቋረጥ።

የጨቅላ ክፍል ነርስ
አንድ ልጨምር። ስታጠባ ሳታዩ አትሸኙ። አፉ ሰፍቶ ይከፈት፣ የታችኛው ከንፈር ወደ ውጭ ይገልበጥ፣ ሲውጥ ይሰማ። ሲለቅ የጡቷ ጫፍ ተጨፍልቆ ከወጣ ጫፉን ብቻ ነው የያዘው፤ አስለቅቃችሁ እንደገና አስይዙት፣ አለዚያ በማግስቱ ይሰነጠቃል። ክብደቱ ከልደቱ ከ10 በመቶ በላይ ከቀነሰ ደግሞ መሸኘቱ ይቆይ፤ ሐኪም ይየው።