ጥቆማ፦ የክትባት ካርድ የሌላቸው ተፈናቃይ ልጆች ደብረ ብርሃን የት ይከተቡ?

የጠባሴዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከወለጋ ተፈናቅለው የመጡ ዘመዶቼ ሦስት ልጆች አሏቸው፤ የ10 ወር ሕፃን፣ አራት ዓመት ተኩል የሆነው ወንድና የ12 ዓመት ልጅት። ካርዳቸው ከነቤታቸው ተቃጥሏል። ወንዱን መዋዕለ ሕፃናት ሊያስገቡት ሲሉ የክትባት ካርድ አምጡ ተባሉ። ጤና ጣቢያ ይሻላል፣ መጠለያው ድረስ የሚመጡት የጤና ባለሙያዎች ወይስ የግል ክሊኒክ? እባካችሁ ጠቁሙኝ።

ክትባት ክፍል፦
እህቴ፣ ጤና ጣቢያ ይሂዱ። በመንግሥት ጤና ተቋም የሕፃናት መደበኛ ክትባት በነፃ ነው። ግን አስቀድመሽ ቀኑን ጠይቂ። የኩፍኝና የቢሲጂ (የሳንባ ነቀርሳ ክትባት) ብልቃጥ አንዴ ከተበጠበጠ ከ6 ሰዓት በላይ አይቆይም፤ የተረፈው ይደፋል። ስለዚህ ብዙ ቦታ ቀን ቆርጠው፣ ልጆች ሰብስበው ነው የሚከፍቱት። «ዛሬ የለም» ብትባሉ አልቋል ማለት ላይሆን ይችላል።

ለ10 ወሩ ፔንታ (አምስት በሽታ በአንድ የሚከላከለው)፣ ፒሲቪ (የሳንባ ምች ክትባት)፣ ፖሊዮና ኩፍኝ በአንድ ቀን፣ በተለያየ የሰውነት ክፍል ይሰጣል፤ ጉዳት የለውም። ቀጣዮቹ በ4 ሳምንት ልዩነት፣ ሁለተኛው ኩፍኝ 15 ወር ሲሞላው። መጠለያ ውስጥ በወረርሽኝ ምክንያት 9 ወር ሳይሞላው ኩፍኝ ወስዶ ከሆነ ያ አይቆጠርም፣ ይደገማል። ለትልቁ ወንድ ልጅ ኩፍኝ ሁለት ጊዜ፣ ቢያንስ በ4 ሳምንት ልዩነት። ፔንታና ፖሊዮም ይጀመርለታል። ሮታ (የተቅማጥ ክትባት) ከ2 ዓመት በኋላ ስለማይሰጥ ቦታው ካርዱ ላይ ባዶ ቢሆን ጉድለት አይደለም፤ ይህን ለትምህርት ቤቱም ንገሪ።

እናት ዓለም፦
ከግል ክሊኒክ ተጠንቀቂ! ስሙን አልጠራም፤ ሁለት ጊዜ ፔንታ የወሰደች ልጅ ካርዷን ይዛ ሄዳ «ጊዜው አልፎባታል» ብለው ከአንድ ጀመሯት። በየመርፌው አስከፈሉ። ልጅቷ በከንቱ ተወጋች።

ክትባት ክፍል፦
ይህ ስህተት ነው። የተቋረጠ ክትባት ካቆመበት ይቀጥላል እንጂ እንደ አዲስ አይጀመርም፤ ዓመት ቢያልፍም። ሁለት ከወሰደች የቀራት ሦስተኛው ብቻ ነው።

የሰላሌ በር፦
እናት ዓለም፣ ሁሉንም በአንድ አትፈርጂ። እኛ የምንወስድበት ክሊኒክ ንጹሕ ነው፣ ወረፋ የለም፣ ነርሷ እጇ ቀላል ነው፤ ልጅ አያለቅስም። እኔ ከዚያ ሌላ አልጠቁምም።

ፍሪጅ ጠጋኝ፦
ወንድሜ፣ ከንጽሕናው በፊት ፍሪጁን እይ። በሩ ላይ ጠዋትና ማታ የሚሞላ የሙቀት መመዝገቢያ ይለጠፋል፤ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መሆን አለበት። ቅዳሜና እሑድ ባዶ ከሆነ መብራት ሲጠፋ ማንም አላየም ማለት ነው። ብልቃጡ ላይ ክብ ምልክት አለ፤ በመሃሉ ያለው አራት ማዕዘን ከክቡ ነጣ ማለት አለበት። እኩል ከጠቆሩ ሙቀት ነክቶታል፣ አይሰጥም። ደግሞ «ደብረ ብርሃን ብርድ ነው፣ ክትባት አይበላሽም» የሚሉ አሉ፤ ፔንታና ፒሲቪ በረዶ ሆነው ከረጉ ይበላሻሉ፣ ያን ደግሞ ምልክቱ አያሳይም።

የሰላሌ በር፦
እኔ ፍሪጅ ልገዛ አልሄድኩም። ነርሷን አምናታለሁ።

ዘንዶ ጉር፦
የእጅ መቅለል ክትባት አያቀዘቅዝም፣ ጋሼ።

ዲሲ ያለው፦
እዚህ አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣ የማኪኒ ቬንቶ ሕግ አለ። ቤት የሌለው ልጅ የክትባት ማስረጃ ባይኖረውም ትምህርት ቤቱ ወዲያው መዝግቦ ያስገባዋል፤ ማስረጃውን የማፈላለግና ክትባቱን የማስጀመር እገዛ የአካባቢው ትምህርት ቤቶች አስተዳደር ተወካይ ሥራ ነው። እዚያስ ለምን አይደረግም?

ዘንዶ ጉር፦
ጥያቄው ደብረ ብርሃን የት ይከተቡ ነው። ዋሽንግተን ሄደው ይመዝገቡ?

መምህር፦
አትቆጣው፣ ሐሳቡ ይጠቅማል። የእኛም አገር በ2012 ዓ.ም. ያጸደቀችው የካምፓላ ስምምነት (የአፍሪካ ኅብረት የተፈናቃዮች ስምምነት፣ እ.ኤ.አ. 2009) በመፈናቀል የጠፋ ሰነድ ያለአግባብ ቅድመ ሁኔታ እንዲተካ ይላል። ርእሰ መምህሩን በዚህ አነጋግሩት። ይዛችሁ የምትሄዱት፦ ከአደጋ መከላከል ጽሕፈት ቤት የተፈናቃይነት ማስረጃ፣ የቀበሌ ደብዳቤ፣ አዲሱ የክትባት ካርድ የመጀመሪያው ዙር ተሞልቶበት ቀጣይ ቀጠሮው ተጽፎ። ልጁ ቢያንስ አንድ ዙር ወስዶ ቀጠሮ ካለው፣ «ሁሉም ካልተሟላ» ብሎ ወራት ማስጠበቅ ልጁን ከትምህርት ማስቀረት ብቻ ነው።

ለ12 ዓመቷ ደግሞ የሚጠየቀውን አጣሩ። የ15 ወሩ ሁለተኛ ኩፍኝ መደበኛ የሆነው በ2011 ዓ.ም. ነው፤ እሷ ሕፃን ሳለች አልነበረም። ሙሉ ካርድ ቢሏት ከየት ታመጣለች?

ክትባት ክፍል፦
መምህር ልክ ነው። ለእሷ አስቸኳዩ የማህፀን በር ካንሰር ክትባት ነው፤ ከ9 እስከ 14 ዓመት ላሉ ልጃገረዶች ይመከራል፣ በብዛት የሚሰጠውም ትምህርት ቤት ውስጥ ነው። በካርድ ምክንያት ከክፍል የቀረች ልጅ ክትባቱም ያመልጣታል። ይህ በጣም ያሳዝነኛል። ፔንታ ግን ለእሷ እንዳይሰጧት፤ ከ7 ዓመት በላይ ሌላ ዓይነት ነው፣ ቲዲ (የቴታነስና የዲፍቴሪያ ክትባት) ይባላል።

ሸዋሮቢት፦
መነኻሪያ አካባቢ ስለሚያድሩት ልጆችስ? አድራሻ የላቸው፣ ቀጠሮ ማን ይነግራቸዋል?

ክትባት ክፍል፦
ቀጠሮውን ከቤት ሳይሆን ከሚመገቡበት ቦታ ጋር አያይዙት። ካርዱ ልጁ ኪስ ውስጥ አይቆይም፤ ምግብ የሚሰጠው ሰው ዘንድ ይቀመጥ፣ ቁጥሩም በጤና ጣቢያው መዝገብ ይያዝ። የቢሲጂ ጠባሳ ካለ ያ አንዱ ማስረጃ ነው፤ ጠባሳ አለመኖሩ ግን አልተከተበም ማለት አይደለም። ኩፍኝ መውሰዱ ካጠራጠረ ይሰጠው፤ ትርፍ መርፌ አይጎዳም። እናንተ ጋ ቆላ ስለሆነ በጠዋት፣ ክትባቱ እስኪሰጥ ከማቀዝቀዣ ሳጥኑ ሳይወጣ ይሁን።

የጠባሴዋ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ሕፃኑ በዚያው ቀን አራቱንም ቢወስድ ሌሊት ቢያተኩሰው ምን ላድርግ? እናቱ ፈርታለች።

ክትባት ክፍል፦
ፔንታ የወሰደ ልጅ አንድ ሁለት ቀን ሊያተኩሰው ይችላል። ቶሎ ቶሎ ይጥባ፣ አትጠቅልሉት። ፓራሲታሞሉን በክብደቱ ለክተው እዚያው ይንገሯችሁ፤ በግምት አትስጡ። የተወጋበትን ቦታ ቅቤም ሌላም አትቀቡት። ኩፍኙ ደግሞ ከሳምንት በኋላ ትንሽ ትኩሳትና ሽፍታ ሊያመጣ ይችላል፣ ያልፋል። ጡት እንቢ ካለ፣ ካንቀጠቀጠው ወይም ትኩሳቱ ከሁለት ቀን በላይ ከቆየ ሳትቆዩ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት።

እናት ዓለም፦
ስትሄጂ ካርዱ ላይ ቀን መጻፉን እዩ። እዚያ ክሊኒክ ማኅተም ብቻ ነበር የመቱት።