የአሜሪካ ስታውት ምሬቱ ከተቆላው ገብስ ነው ወይስ ከሆፕሱ?

ጥቁር ገብስ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ከስታውት፣ ከጥቁሩ ቢራ ማለቴ ነው፣ እስካሁን የማውቀው ጊነስንና የሐረሩን ሐኪም ስታውት ነው። አሁን አንድ አነስተኛ የአሜሪካ ጠማቂ የሠራው እጄ ገብቷል፤ 355 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ፣ አልኮሉ 6.5 በመቶ። ከፍሪጅ አውጥቼ ወዲያው በውኃ ብርጭቆ ቀዳሁት። አረፋው ደቂቃ ሳይሞላው ጠፋ፣ ሽታም ብዙ የለውም። ፉት ሲሉት መጀመሪያ ያረረ ቡና፣ ቀጥሎ የብርቱካን ልጣጭ የነከሱ ዓይነት ምሬት፣ መጨረሻ ላይ ምላስን ድርቅ የሚያደርግ ነገር አለው።

ይህ ምሬት የአሠራሩ ነው ወይስ ተበላሽቷል? በስንት ዲግሪና በምን ብርጭቆ ይጠጣል? ምሬቱ ከገብሱ ይሁን ከሆፕሱ (ቢራን መራራ ከሚያደርገው አበባ) በምን ይለያል? ሁለት ጠርሙስ ቀርቶኛል፤ ከመክፈቴ በፊት የምታውቁ ንገሩኝ።

ጋን ጠማቂ

ወንድሜ፣ ያረረው ቡናና የብርቱካኑ ልጣጭ የራሱ የቢራው ናቸው፤ የአሜሪካ ስታውት እንዲያ ነው የሚሠራው። አረፋውን ያጠፋውና ሽታውን ያፈነው ግን አቀራረቡ ነው።

መጀመሪያ ቅዝቃዜው። የቤት ፍሪጅ 3 ወይም 4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። እዚያ ላይ ሽታ ሰጪዎቹ ንጥረ ነገሮች ከፈሳሹ አይነሱም፣ የብቅሉ ጣፋጭነትም ይደበዝዛል። ጋዙና ምሬቱ ግን ቁልጭ ብለው ይቀራሉ። ስለዚህ ከቢራው ግማሹን ብቻ ቀምሰሃል፣ ያውም መራራውን ግማሽ። ከ10 እስከ 13 ዲግሪ አድርሰው። ጠርሙሱን ከፍሪጅ አውጥተህ ጠረጴዛ ላይ ከ25 እስከ 30 ደቂቃ ማቆየት ይበቃል።

ቀጥሎ ብርጭቆው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። አረፋን የሚገድለው ቅባት ነው። ወተት ወይም ማኪያቶ የተጠጣበት፣ ቅቤ በነካው ስፖንጅ የታጠበ፣ በወጥ ቤት ፎጣ የተወለወለ ብርጭቆ ለዓይን ንጹሕ ቢመስልም ስስ የቅባት ሽፋን ይዞ ይቀራል። ሽታ በሌለው ሳሙና እጠበው፣ በብዙ ውኃ አለቅልቀው፣ ደፍተህ በነፋስ ይድረቅ። ንጹሕ መሆኑን ለማየት ውስጡን አርጥበህ ደቃቅ ጨው በትንበት። ጨው ዙሪያውን እኩል ከተጣበቀ ንጹሕ ነው፤ ባዶ የሚተወው ቦታ ላይ ቅባት አለ። ቢራው ከተቀዳ በኋላም ከአረፋው በታች መስታወቱ ላይ የተለጠፉ የጋዝ ነጠብጣቦች ካየህ ብርጭቆው ቆሽሿል ማለት ነው።

ቅርጹ ሆዱ ሰፋ፣ አፉ ጠበብ ያለ ይሁን። ለስታውት ተብሎ የተሠራ ከሌለህ የወይን ጠጅ ብርጭቆ በደንብ ይሠራል። እስከ አፉ አትሙላው፤ 150 ሚሊ ሊትር ያህል ቀድተህ ለሽታው ቦታ ተውለት። ብርጭቆውን 45 ዲግሪ ያህል አዘንብለህ ጀምርና ግማሽ ሲደርስ ቀጥ አድርገው፣ መሐል ለመሐል ቅዳው። ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር አረፋ ሊቆም ይገባል። ቀለሙ ነጭ ሳይሆን የማኪያቶ አረፋ የመሰለ ቡናማ ነው። ከኋላው የስልክ መብራት ብታበራበት ጠርዙ ላይ ወደ ቀይ የሚያደላ ጥቁር ታያለህ፤ ጭልጥ ያለ ጥቁር የሚመስለን ብርሃን ስለማያሳልፍ ነው።

አሻሮ

የምሬቱን ጥያቄ እኔ ልመልስ፣ ዋናው ነገር እሱ ነውና።

አሜሪካ ውስጥ ቢራን በቤት መጥመቅ በፌዴራል ደረጃ የተፈቀደው ፕሬዚዳንት ካርተር በ1978 በፈረሙት ሕግ ነው። ሁለት ዓመት ቆይቶ፣ በ1980፣ ሴራ ኔቫዳ የተባለው ጠማቂ ካሊፎርኒያ ቺኮ ከተማ ሥራ ሲጀምር መጀመሪያ የጠመቀው ስታውት ነበር። ያ ትውልድ የእንግሊዝንና የአየርላንድን ጥቁር ቢራ ተቀብሎ የራሱን አገር ሆፕስ ጨመረበት፤ ካስኬድ፣ ሴንቴኒያል፣ ቺኑክ የሚባሉትን። እነዚህ የብርቱካንና የግሬፕፍሩት ልጣጭ፣ የጥድና የሙጫ ጠረን አላቸው። የአየርላንዱ ስታውት የሆፕሱን ምሬት ይይዛል እንጂ ጠረኑን አያወጣም። በምሬት መለኪያ ቁጥር ሲነገር የአየርላንዱ ከ25 እስከ 45፣ የአሜሪካው ከ35 እስከ 75 ነው። ጊነስ የለመደ ምላስ የሚደነግጠው በዚህ ነው። ምሳሌ የሚሆኑ ከፈለግህ ሴራ ኔቫዳ ስታውት 5.8 በመቶ፣ የኦሪገኑ ደሹትስ ኦብሲዲያን 6.4 በመቶ ናቸው። የኖርዝ ኮስቱ ኦልድ ራስፑቲን 9 በመቶ ነው፤ እሱ ኢምፔሪያል ከሚባለው፣ አልኮሉ ከበረታው ወገን ስለሆነ ለመጀመሪያ ትምህርት አይሆንም።

አሁን መለየቱ። የተቆላው ገብስ አብዛኛውን ጊዜ ብቅል ያልሆነ ገብስ ነው፤ ከ200 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት ጥቁር ቡና እስኪመስል ይቆላል። ከጠቅላላው እህል ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 10 በመቶ ነው፣ ሌላው በአብዛኛው ነጭ ብቅል ነው። የእሱ ምሬት ቶሎ ይመጣል፣ ከቡናና ከመራራ ቸኮላት ጣዕም ጋር፣ ትንሽ ጎምዘዝ እያለ ይመጣል፤ ቶሎም ይሄዳል። የሆፕሱ ምሬት ከዋጥከው በኋላ ነው የሚነሣው፤ ጉሮሮ ላይ ይቆያል፣ በአፍንጫህ ስትተነፍስም ልጣጩንና ጥዱን ይዞ ይወጣል። ስለዚህ ዋጥና 20 ወይም 30 ሰከንድ ጠብቅ። በ5ኛው ሰከንድ ያለውና በ25ኛው ያለው ምሬት አንድ አይደለም።

ምላስን የሚያደርቀው ደግሞ ጣዕም አይደለም፣ የመንካት ስሜት ነው። ከገብሱ ቅርፊት የሚወጣ ታኒን ከምራቅ ጋር ሲያያዝ ምላስ ይሻክራል፤ ብዙ የቆየ ሻይ የሚያደርገውን ማለት ነው። ጥቂት ቢኖር ደንብ ነው። አፍ ሙሉ ሆኖ ከቡናው ጣዕም በላይ ከገነነ ግን የጠመቃ ጥፋት ነው፤ እህሉ በጣም ደቅቆ ተፈጭቷል፣ ወይም እህሉ ሲታጠብ ውኃው ከልክ በላይ ሞቋል።

በወሬ ከሚሆን በእጅ ይሞከር። ጠላ ለሚጠምቅ ቤት አሻሮ መቁላት አዲስ አይደለም። 100 ግራም ገብስ በምጣድ፣ መስኮት ከፍተህ፣ የጠቆረ ቡና እስኪመስል ቁላው፤ ከሰል ከሆነ ጣለው። ደቀቅ ሳታደርግ ፈርክሰውና 50 ግራም፣ 50 ግራም በሁለት ማሰሮ ክፈለው። አንዱ ላይ 300 ሚሊ ሊትር ቀዝቃዛ ውኃ ጨምረህ ፍሪጅ ውስጥ ይደር። ሌላው ላይ ያንኑ ያህል የፈላ ውኃ ጨምረህ አንድ ሰዓት ተወው። ሁለቱንም አጥልለህ እኩል ሲቀዘቅዙ ቅመስ። የቀዝቃዛው ለስላሳ ቡናና ቸኮላት ይሆናል፤ የፈላው ምላስ ያደርቃል። ከዚያ 2 ግራም ካስኬድ ሆፕስ በ250 ሚሊ ሊትር ውኃ 20 ደቂቃ አፍልተህ አቀዝቅዘህ በማንኪያ ቅመስ። የቤት ጠመቃ ዕቃ የሚሸጡ ሱቆች 28 ግራም እሽግ ይሸጣሉ። ሦስቱን ለየብቻ የቀመሰ ሰው ስታውት ውስጥ ሲያገኛቸው አይስታቸውም።

በነገራችን ላይ ሆፕስን «የፈረንጅ ጌሾ» የሚሉ አሉ። ሥራቸው ቢመሳሰልም ዕፅዋቱ የቅርብ ዘመድ አይደሉም፤ ከጌሾ ቅጠሉንና እንጨቱን ነው የምንጠቀመው፣ ከሆፕስ ግን አበባውን። ምሬታቸውም ይለያል።

ፉት በል

ጋን ጠማቂ ያለው ሁሉ ልክ ነው፤ 13 ዲግሪው ላይ ብቻ አልስማማም። ለኢምፔሪያል ይሆናል። ከ5 እስከ 7 በመቶ ለሆነ፣ ሆፕሱ ለሚሸት ስታውት ግን በ8 ዲግሪ ጀምሮ ብርጭቆ ውስጥ እያለ እንዲሞቅ መተው ይሻላል። በ8 ላይ የሆፕሱ ጠረን ጥርት ይላል፣ 12 ሲደርስ ቸኮላቱና ዘቢቡ ይወጣል። ሦስት ጊዜ፣ በየ10 ደቂቃው ቅመሰው፤ አንድ ጠርሙስ ሦስት ቢራ ይሆንልሃል።

አሸታተቱም ቅደም ተከተል አለው። እንደተቀዳ አረፋው ሳይወርድ አጭር አጭር አድርገህ ሁለት ሦስቴ አሽትት፤ ረጅም ትንፋሽ አፍንጫን ያደነዝዛል። አልሸት ካለህ የራስህን እጅጌ አሽትተህ ተመለስ። ከዚያ 15 ወይም 20 ሚሊ ሊትር፣ አንድ ሾርባ ማንኪያ ያህል፣ አፍህ ውስጥ አዙረው፣ ዋጥ፣ አፍህን ዘግተህ በአፍንጫህ ተንፍስ። ምሬት የሚሰማው በምላስ ሥር ብቻ ነው የሚባለው ልክ አይደለም፤ ቢሆንም ሳይዋጥ የተተፋ ቢራ ምሬቱ ጎዶሎ ነው።

ቡና እየተፈላ፣ ዕጣን እየጨሰ ስታውት ለመቅመስ አትቀመጥ። ሁለቱም የምትፈልገውን ጠረን ይውጡታል። ከአንድ ሰዓት በፊት የተጠጣ ቡናም ቢሆን የገብሱን ጣዕም ከምላስህ ይነጥቅሃል። በመሐል መሐል ለብ ያለ ውኃና ደረቅ ዳቦ ይበቃል፤ እንጀራ አይደለም፣ ኮምጣጣነቱ ቀጣዩን ፉት ያጣፍጠዋል።

ከምግብ ጋር ከሆነ በደንብ የተጠበሰ፣ ጠርዙ ቡናማ የሆነ ሥጋ ነው የሚስማማው። ሥጋው ላይ ያ ቡናማ ቅርፊት የመጣበት መንገድና ገብሱ ሲቆላ የጠቆረበት መንገድ ይመሳሰላሉ። አዋዜና ሚጥሚጣ ካለበት ተጠንቀቅ፤ አልኮልና ጋዝ ማቃጠሉን ያብሱታል፣ የሆፕሱም ምሬት ይጨመርበታል።

ጥቁር ገብስ (ጠያቂ)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አንዱን ጠርሙስ እንዳላችሁኝ ከፈትኩት፤ አረፋው በዚህኛው ቆመ። ነገር ግን ሲሞቅ የአኩሪ አተር ሶስና የረጠበ ካርቶን ሽታ መጣ። ሥሩም ላይ ደለል አለ። ጠርሙሱ ላይ የታተመው 03/07 ይላል፤ መጋቢት ነው ወይስ ሐምሌ? እስካሁን የተቀመጠው ከምድጃው በላይ ባለው ቁም ሳጥን ነበር። ሌላ ጥያቄ፦ «ሚልክ ስታውት» የሚሉትን ብሞክር በጾም ይሆናል?

ጋን ጠማቂ

ካርቶኑና አኩሪ አተሩ አየር የነካው፣ ሙቀት ያስረጀው ቢራ ምልክት ናቸው። አይጎዳህም፤ ጠማቂው የሠራው ቢራ ግን ይህ አይደለም። ከምድጃ በላይ ማስቀመጥ ዋናው ጥፋት ነው፤ ሙቀት በጨመረ ቁጥር እርጅናው ይፈጥናል። ቢራን አቁመህ፣ ጨለማ ቦታ፣ ቢቻል ፍሪጅ ውስጥ አኑር። ይህን የመሰለ ስታውት ከታሸገ በ3 ወይም በ4 ወር ውስጥ ቢጠጣ ነው የሚሻለው። መጀመሪያ የሚሸሸው የሆፕሱ ጠረን ነውና ያረጀ የአሜሪካ ስታውት ምሬቱ ይቀርና ልጣጩና ጥዱ ይጠፋል። ዓመታት የሚቆየው ኢምፔሪያሉ ነው።

ቀኑን አሜሪካኖች ወሩን አስቀድመው ስለሚጽፉ 03/07 በእነሱ አቆጣጠር ማርች 7 ነው። የታሸገበት ይሁን የሚያልፍበት ከአጠገቡ ያለውን ጽሑፍ እይ። ሦስት አኃዝ ብቻ ካገኘህ የዓመቱ ቀን ነው፤ 045 ፌብሩዋሪ 14 ማለት ነው።

ደለሉ አተላ ነው፣ ጠርሙስ ውስጥ የቀረ እርሾ። ጥፋት አይደለም። ጠርሙሱን አንድ ቀን አቁመህ ታረጋዋለህ፤ ስትቀዳ የመጨረሻውን አንድ ሴንቲ ሜትር ትተዋለህ። የሚያሳስበው ሌላ ነው፦ ሲከፈት ራሱ ገንፍሎ የሚወጣና ሆምጣጤ የሚል ከሆነ ባክቴሪያ ገብቶበታል። የቅቤ ሽታ እርሾው ሥራውን ሳይጨርስ ከመታሸግ፣ የአረንጓዴ ፖም ሽታ ገና ካልበሰለ ቢራ ይመጣል። እነዚህን በቤትህ አታስተካክላቸውም፤ ለሱቁ መልስ።

አሻሮ

የጾሙን እኔ ልጨምር። ሚልክ ስታውት ስሙ ብቻ አይደለም፤ ላክቶስ የሚባለው የወተት ስኳር ይጨመርበታል። እርሾ ላክቶስን ስለማይበላው ጣፋጭነቱና ውፍረቱ ቢራው ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ ከወተት የመጣ ነውና የጾም አይደለም፤ ወተት ለማይስማማውም ሰው አይሆንም። የአጃ ስታውት ውፍረቱን ከአጃው ያገኛል፤ ግን አንዳንዱ ላክቶስም ይጨመርበታልና መለያውን አንብብ። አልኮሉን በጾም ስለመጠጣት ደግሞ የንስሐ አባትህን ጠይቅ።

በፍስክ ከሞከርከው የኮሎራዶው ሌፍት ሃንድ ሚልክ ስታውት ናይትሮ 6 በመቶ ነው። ናይትሮጅን ስላለበት እንደሌላው እያዘነበልክ አትቅዳው፤ ቀጥ ባለ ብርጭቆ ላይ ገልብጠህ በኃይል ልቀቀው። ያለዚያ አረፋው አይነሣም።

ፉት በል

የቀረችህን አንዷን ጠርሙስ አትድፋት፣ ግን ዛሬውኑ ከምድጃው አንሣት። ያንኑ ቢራ አዲስ የታሸገ ስታገኝ ሁለቱን በአንድ ዓይነት ብርጭቆ፣ በ10 ዲግሪ፣ 100 ሚሊ ሊትር እየቀዳህ ጎን ለጎን አስቀምጥ። መጀመሪያ አዲሱን፣ ቀጥሎ አሮጌውን፣ እንደገና አዲሱን አሽትት። የቱ ነገር እንደጠፋና የቱ እንደመጣ በሁለት ደቂቃ ይገባሃል።