«አነበበ» ስንል ምን ማለታችን ነው? ዳዊት መድገም፣ መቅራትና በልብ ማንበብ

ጥያቄ፣ ከደሴ፣ ቧንቧ ውሃ

ሰላም ለሁላችሁ። ለሰፈራችን የንባብ ክበብ ስለ ጥንት ጸሐፍት የንባብ ልማድ አጭር ጽሑፍ እያዘጋጀሁ ነው። አንድ ቦታ ላይ ተያዝኩ። በ4ኛው መቶ ዘመን የሚላኖ ጳጳስ የነበረው አምብሮስዮስ ድምፅ ሳያሰማ ያነብ ነበር። የቤተ ክርስቲያን ሊቅ የሆነው አውግስጢኖስ ይህን አይቶ በመገረም ጽፎታል። እኔ «ዝም ብሎ ያነብ ነበር» ብዬ ጻፍኩ። መልሼ ሳየው ግን «እንዲያው፣ ያለ ምክንያት ያነብ ነበር» የሚል መሰለኝ። የተሻለ ቃል ካላችሁ ጀባ በሉኝ። ደግሞስ ሰው ዝም ብሎ ቢያነብ ምኑ ይገርማል?

መልስ፣ ከደሴ፣ ሰኞ ገበያ

እህቴ፣ ከሁለተኛው ጥያቄሽ ልነሳ። መልሱ «አነበበ» የሚለው ቃል ሆድ ውስጥ ነው።

በግእዝ «ነበበ» ማለት ተናገረ ነው። «አ» ሲጨመርበት «አንበበ» ይሆናል፤ አናገረ እንደማለት ነው። ፊደሉ ብራናው ላይ ዝም ብሎ ተቀምጧል፣ አንባቢው መጥቶ ያናግረዋል። ሰዋስው ላይ «አናባቢ» እና «ተነባቢ» የምንለውም ከዚሁ የወጣ ነው። የቤተ ክህነት ሰዎች ነፍስን «ለባዊት፣ ነባቢት፣ ሕያዊት» ሲሏት ነባቢት ማለታቸው የምትናገር ማለት ነው።

አሁን የዳዊትን መዝሙር 1 ክፈቺ። ግእዙ «ወዘሕጎ ያነብብ መዓልተ ወሌሊተ» ይላል። የ1954ቱ የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ግን እዚያው ቦታ ላይ «ሕጉንም በቀንና በሌሊት ያስባል» ይላል። ግእዙ «ያነብባል» ያለውን አማርኛው «ያስባል» አለው። እኔ ይህን ሳይ ደስ ይለኛል። በግእዙ ሰውዬው ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ በአማርኛው ዝም ብሏል። ሁለቱም ስለ አንድ ሰው ነው የሚያወሩት።

ሌላው ምስክር የራሳችን ነው። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ላይ ያለውን የኢትዮጵያ ጃንደረባ አስታውሺ። በሠረገላው ተቀምጦ ኢሳይያስን ያነባል። ፊልጶስ ሮጦ ሲደርስ ሲያነብ ሰማው ይላል፤ አየው አይልም። መንገድ ላይ ሆኖም እየጮኸ ነበር የሚያነበው። ቀጥሎ ፊልጶስ የጠየቀው ደግሞ የምታነበውን ታስተውለዋለህን ብሎ ነው። ማንበብና ማስተዋል ሁለት ሥራ ነበሩ፤ አንዱ የአፍ፣ አንዱ የልብ።

ስለዚህ አውግስጢኖስ ቢገረም አይፈረድበትም። ያኔ ድምፅ ሳያሰማ የሚያነብ ሌላ ሰው ጭራሽ አልነበረም ማለት ግን አይደለም። እንግዳ የሆነበት፣ አምብሮስዮስ ሰው እየገባ እየወጣ፣ ፊት ለፊቱ ተቀምጠው እያዩት ሁልጊዜ እንደዚያ ማንበቡ ነው። ምክንያቱንም ለመገመት ሞክሯል። ምናልባት የሚሰሙት ሰዎች ከባድ ቦታ ሲደርስ በጥያቄ እንዳያስቆሙት፣ ወይም ድምፁ ቶሎ ስለሚሰልል ሊቆጥበው ብሎ።

እኔ በድምፅ ማንበብን የማውቀው ከአያቴ ነው። ገና ጎህ ሳይቀድ፣ የጦሳ ተራራ ብርድ በበሩ ስር እየገባ፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው ዳዊት ይደግሙ ነበር። የዳዊቱ ማኅደር (የቆዳ መያዣው) ግድግዳው ላይ ከተመታ ሚስማር ላይ ይንጠለጠላል። አንዱ የመነጽራቸው ጆሮ በጥቁር ክር የታሰረ ነው። የሌባ ጣታቸው መስመሩን ይከተላል። ጣቱ ሲቆም ድምፃቸውም ይቆማል። ደብዳቤ ሲመጣላቸውም እንደዚያው በድምፅ ነው። አንድ ቀን ጋዜጣ ይዤ ዝም ብዬ ስመለከት አይተው «ምነው፣ አታነበውም?» አሉኝ። እያነበብኩ ነው ብላቸው ገረማቸው። ለእሳቸው ያ ማየት እንጂ ማንበብ አልነበረም።

እስቲ «ደገመ» የሚለውን ልብ በይ። ዳዊትን «አነበበ» አንልም፣ «ደገመ» ነው የምንለው። 150ው መዝሙር ለሳምንቱ ቀናት ተከፋፍሎ፣ ሳምንቱ ሲዞር ይመለሳል። አንድ መጽሐፍ ዕድሜ ልክ ይነበባል ማለት ነው። በድሮ ጊዜ «ዳዊት የደገመ» ማለት ማንበብ የሚችል ሰው ማለት ነበር፤ «ፊደል የቆጠረ» እንደምንለው። መጽሐፍ ውድ ነበር፣ ድምፅ ደግሞ ለብዙ ሰው ይደርሳል። እዚህ አጠገባችን ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የአበምኔቱ የአባ ኢየሱስ ሞዐ ወንጌል አለ፤ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1280/81 የተጻፈ። ያንን ብራና በዓይኑ ያነበበው ጥቂት ሰው ነው። በጆሮው የሰማው ግን ስንቱ ይሆን!

አስተያየት፣ ከኮምቦልቻ

ጋሼ፣ «ደገመ»ን ካነሱ «ቀራ»ን አይርሱብን። እኛ ልጆቹ ሊቀሩ ሄዱ እንላለን። ሸሁ ያቀራሉ፣ ደረሳው (ተማሪው) ይቀራል። በዐረብኛው ቃሉ አነበበም በድምፅ አሰማም ነው፣ ቁርአን የሚለውም ከዚያው ነው። ሉሁን (የሚቀራበትን የእንጨት ሰሌዳ) ጉልበቱ ላይ አስደግፎ፣ ወደፊትና ወደኋላ እየተወዛወዘ የሚቀራን ልጅ ያየ ሰው ንባብ የዓይን ብቻ ነው አይልም። የወሎ ሸሆች አማርኛን በዐረብ ፊደል፣ በዐጀሚ፣ የጻፉት ግጥምም ለጆሮ ነው። መንዙማን በልቡ የሚያነብ አላየሁም።

መልስ፣ ከደሴ፣ ሰኞ ገበያ

ኑርልኝ ወንድሜ። ልክ ነህ፣ ደሴም ያው ነው። የእኛ ቤት ዳዊት ሲደገም ከአጥሩ ማዶ ቁርአን ሲቀራ እየሰማን ነው ያደግነው። «ቀራ» የአማርኛችን ቃል ነው። እርባታውም ያው የእኛው ነው፤ ቀራ፣ ይቀራል፣ አቀራ።

እህቴ፣ ለጽሑፍሽ አንድ ሰው ልጨምርልሽ። ጣሊያናዊው ጸሐፊ ማኪያቬሊ በታኅሣሥ 1513 (በአውሮፓ አቆጣጠር) ለወዳጁ በጻፈው ደብዳቤ የማታ ልማዱን ይነግረዋል። ቀን የዋለበትን ጭቃ የነካው ልብስ በሩ ላይ ያወልቃል። የቤተ መንግሥት ልብሱን ይለብሳል። ከዚያ ወደ ጥንት ሰዎች ይገባል፤ ለምን እንዲህ አደረጋችሁ ብሎ ይጠይቃቸዋል፣ እነሱም ይመልሱለታል። 4 ሰዓት ሙሉ አይሰለቸኝም ይላል። ይሄ ሰው በትክክል «አንብቧል»። ዝም ያሉትን አናግሯል። እሱ ጋ ሌላ ቃል አትፈልጊ።

ፈረንሳዊው ጸሐፊ ሞንቴኝ የመርሳት ችግር ስለነበረበት፣ መጽሐፍ ሲጨርስ መጨረሻው ላይ የጨረሰበትን ጊዜና የመሰለውን ይጽፍ ነበር። ለእሱ «ዘለቀ» ጥሩ ይመስለኛል፤ ከዳር እስከ ዳር መሄዱን ይናገራል። እንግሊዛዊው ጸሐፊ ሳሙኤል ጆንሰን ግን መጽሐፍ መዝለቅ ግዴታው አልነበረም፤ «አለፍ አለፍ እያለ» ማለት ይበቃል። «አነበነበ»ን ለማንም እንዳትጠቀሚው። ዘሩ ከ«አነበበ» ጋር አንድ ነው፣ ዛሬ ግን ሳይገባው በቃሉ የሚወርድ ሰው ነው የሚባልበት።

ወደ አምብሮስዮስ ስመለስ፣ «በለሆሳስ» እንዳትዪ፤ ለሆሳስ ሹክሹክታ ነው፣ ድምፅ አለው። «በልቡ ያነብ ነበር» በዪ። አውግስጢኖስ ራሱ ዓይኑ ገጹ ላይ ይሄዳል፣ ልቡ ትርጉሙን ይፈልጋል፣ ድምፁና ምላሱ ግን ያርፋሉ ብሎ ነው የጻፈው። ልብ የሚለውን ቃል ቀድሞ ሰጥቶሻል።

ከጠያቂዋ

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እንዲህ አስተካክዬዋለሁ፦ «አምብሮስዮስ ሰው እያየው በልቡ ያነብ ነበር። አውግስጢኖስ ገብቶ ረጅም ጊዜ ተቀመጠ፣ ሊያቋርጠው አልደፈረም፣ ሳይናገር ወጣ።» ቅዳሜ ክበቡ ላይ ይህን በድምፅ ነው የማነበው።